ያገለገለ የሰርቨር ማዘርቦርድ ታሪክና የቤት ውስጥ ፍተሻው

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ያገለገሉ የሰርቨር ማዘርቦርዶች አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፥ በመጀመሪያ ያሰብሁት አጭር የአሠራር መመሪያ ለማዘጋጀት ነበር። ሥራውን ስጀምር ግን ነገሩ ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። አንድ ሰው በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያገለገለ የሰርቨር ቦርድ ዘርግቶ ሲፈትሽ የሚገጥመው እንቅፋት ብዙውን ጊዜ፥ ከዓመታት በፊት መሐንዲሶች ለሌላ ባለቤትና ለሌላ ስፍራ ብለው የወሰኑት ውሳኔ ውጤት ነው። ያን ውሳኔ የማያውቅ ሰው ደኅናውን ቦርድ ሞቷል ብሎ ይጥላል፤ የታመመውን ደግሞ ጤነኛ ነው ብሎ ይገዛል። ይህ ጸሐፊ ሁለቱንም ስሕተት በየተራ ፈጽሟል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

እንደሚታወቀው ሰርቨር ማለት ለብዙ ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ አገልግሎት የሚሰጥ፥ ሌሊትና ቀን የማይጠፋ ኮምፒዩተር ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ዓይነት ማዘርቦርድ ከተራው የቢሮ ኮምፒዩተር ቦርድ ጋር አንድ ዘር ነው፤ የሁለቱም አባት አይ.ቢ.ኤም. በ1981 ያወጣው የግል ኮምፒዩተር ነው። መለያየታቸው ጎልቶ የታየው በ1989 ኮምፓክ ሲስተምፕሮ የተባለውን፥ ሁለት ፕሮሰሰር የሚቀበለውን መሣሪያ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ነበር። በ1995 ኢንቴል ያወጣው ፔንቲየም ፕሮ እስከ አራት ሆኖ ጎን ለጎን እንዲሠራ የታቀደ ነበር፤ በ1998 ደግሞ ዚዮን የሚለው ስም ለሰርቨር ፕሮሰሰሮች ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ዘመዳሞች እየተራራቁ ሄዱ። የአንዱ ባለቤት ሰው ነው፤ የሌላው ባለቤት መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤት ደግሞ ስለ ጩኸት አይጨነቅም፤ ቦርዱን በየሳምንቱ አይነካካም፤ ጊዜው ሲደርስም ሁሉንም ባንድ ላይ አውጥቶ በአዲስ ይተካል።

ይህ የመተካት ልማድ ነው ቦርዱን ወደ ቤት ያመጣው። ከሁሉ ይልቅ የሚታወሰው የ2016 ሁኔታ ነው። በማርች 2012 ኢንቴል ዚዮን ኢ5-2600 የተባሉትን ፕሮሰሰሮች አወጣ። ከእነርሱ መካከል ኢ5-2670 የተባለው ስምንት ኮር ያለው፥ በ2.6 ጊጋኸርዝ የሚሠራና 115 ዋት የሚመደብለት ሲሆን፥ የፋብሪካው የዋጋ ዝርዝር ከ1,500 ዶላር በላይ ያስቀምጠው ነበር። ታላላቅ የኢንተርኔት ድርጅቶች በብዛት ገዙት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሣሪያዎቻቸውን በአዲስ ሲተኩ ይኸው ፕሮሰሰር በሁለተኛ እጅ ገበያ ወደ 70 ዶላር ገደማ ወረደ። ሁለቱን ገዝቶ ዐሥራ ስድስት ኮር ያለው መሣሪያ በቤቱ ለማቆም የፈለገ ሰው በየአገሩ ብዙ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። ፕሮሰሰሩ ሲረክስ ቦርዱ አብሮ አልረከሰም፤ ፈላጊው ከመብዛቱ የተነሣ እንዲያውም ተወደደ። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ 2011 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ፌስቡክ በኦሪገን ክፍለ ሀገር በፕራይንቪል ከተማ ላቆመው የዳታ ማዕከል የቀየሰውን የሰርቨር ንድፍ ኦፕን ኮምፒዩት በሚል ስም ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ንድፉ የማያስፈልገውን ሁሉ የቀነሰ ነበር፤ ቦርዱ 12.5 ቮልት ብቻ የሚመገብ፥ ቅርጹም ለዚያ መደርደሪያ እንጂ ለሌላ የማይስማማ ነው። ለባለቤቱ እጅግ ቆጣቢ ዘዴ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ግን ፕሮሰሰሩ ተነቅሎ በማንኛውም ተስማሚ ሶኬት ሊሠራ ሲችል፥ ቦርዱ ከመደርደሪያው ውጭ መጠጊያ አልነበረውም። ክፍተቱን የሞሉት በሼንጄን የሚገኙ የቻይና ባለሙያዎች ናቸው። ከአሮጌ ቦርድ ላይ ቺፕሴቱን ነቅለው በአዲስ ቦርድ ላይ በመበየድ ኤክስ79 በሚል ስም ይሸጡ ጀመር፤ አንዳንዱ ደኅና ሥራ ነው፥ አንዳንዱ ግን እንዲህ ነው ለማለት ያስቸግራል። ይህ ጸሐፊ ምርጫ ካለው ለሰርቨር ተብሎ የተሠራውን፥ መደበኛ ልክ ያለውን አሮጌ ቦርድ ይመርጣል።

መደበኛ ልክ ሲባልም ጥንቃቄ ይሻል። የተለመደው የኤቲኤክስ ቦርድ 305 በ244 ሚሊሜትር ሲሆን፥ ባለ ሁለት ሶኬቱ የሰርቨር ቦርድ ብዙ ጊዜ 305 በ330 ነው። በተለመደ ሣጥን ውስጥ አይገባም፤ የገባ ቢመስልም የብሎን ቀዳዳው ቦታ ይለያያል። ቀዳዳ በሌለበት ስፍራ የቆመ የብረት ማቆሚያ የቦርዱን ጀርባ ነክቶ ሊያቃጥለው ስለሚችል፥ ከመግጠም በፊት ማቆሚያዎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ተገቢ ነው።

ያገለገለ ቦርድ እጅ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ሶኬቱ ነው፤ ይህም የራሱ ታሪክ አለው። ለብዙ ዘመን ፒኖቹ የሚገኙት በፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ነበር፤ ሶኬቱ የነበረው ቀዳዳ ብቻ ነው። በ2004 ኢንቴል ኤልጂኤ 775 የተባለውን ሶኬት ሲያወጣ ነገሩን ገለበጠው፤ ፒኖቹ ወደ ቦርዱ ተዛወሩ፥ ፕሮሰሰሩም ጠፍጣፋ የመገናኛ ነጥቦች ብቻ ይዞ ቀረ። በ2006 የኢንቴል ባለ 771ና የኤ.ኤም.ዲ. ባለ 1207 የሰርቨር ሶኬቶች ይህንኑ መንገድ ተከተሉ፤ ለኢ5-2600 የሆነው ሶኬት ደግሞ 2011 ፒኖች አሉት። በጠባብ ስፍራ ብዙ መገናኛ ለማስፈር ዘዴው የተመቸ ነበር። ነገር ግን የጉዳት ሥጋቱም አብሮ ከፕሮሰሰሩ ወደ ቦርዱ ተሻገረ። በዳታ ማዕከል ይህ ብዙ አይከብድም፤ ፕሮሰሰሩ በሠለጠነ እጅ አንድ ጊዜ ይገባል፥ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሚነካው የለም። ችግሩ የሚመጣው በመጨረሻው ቀን ነው፤ ያን ቀን ፕሮሰሰሩን የሚነቅለው ሰው ስለ ቦርዱ ግድ የለውም፥ የሶኬቱ የፕላስቲክ ክዳንም የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ የለም።

ምርመራው ትዕግሥት እንጂ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። የእጅ ባትሪ ከጎን አዘንብሎ እያበሩ በአጉሊ መነጽር ረድፎቹን መመልከት፥ ከዚያም ቦርዱን ሩብ ዙር አዙሮ እንደገና ማየት ነው። ፒኖቹ በሥርዓት ያዘነበሉ ስለ ሆነ ብርሃኑን እኩል ይመልሳሉ፤ የተጣመመ ፒን ካለ በዚያ ረድፍ ላይ ጨለማ ወይም ያለ ስፍራው የሚያበራ ነጥብ ይታያል። ሻጩ የሶኬቱን ፎቶግራፍ ካላሳየ፥ ጠይቆም እምቢ ካለ፥ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው።

ይህን የምለው ከተማርሁ በኋላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የገዛሁት አንድ ቦርድ ከስምንቱ የራም ማስገቢያዎች ሁለቱን አላይም አለ። ራሙ ተበላሽቷል ብዬ አንዱን ባንዱ እየለወጥሁ ሁለት ቅዳሜ አጠፋሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ፕሮሰሰሩን አውጥቼ ባየው ከጠርዙ አጠገብ አንዲት ፒን ጎንበስ ብላለች። በቀጭን መርፌ ጫፍ ትንፋሼን ይዤ መለስኋት፤ ማስገቢያዎቹም ተገኙ። ነገሩ የሆነው የራም መቆጣጠሪያው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለሚገኝ ነው፤ አንዲት ፒን ስትጎድል መሣሪያው ይነሣል፥ ከራሙ ክፍል ግን ጥቂቱ ይሰወራል። ብዙ ፒኖች የሚሠሩት ለኃይልና ለግራውንድ ስለ ሆነ፥ ተጣምመውም ምንም ምልክት የማያሳዩ አሉ።

ሶኬቱ ደኅና ከሆነ ቦርዱ ከሣጥን ውጭ በደረቅ ካርቶን ወይም በጣውላ ላይ ይዘረጋል። የመጣበት ፀረ ስታቲክ ከረጢት ላይ አስቀምጦ ኃይል መስጠት አይገባም፤ የከረጢቱ ገጽ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላል። በበጋው ደረቅ አየር የሱፍ ሹራብ አውልቆ፥ ብረት ነክቶ መጀመር መልካም ነው። አንድ ፕሮሰሰር በመጀመሪያው ሶኬት፥ አንድ ራም መመሪያው በሚያዘው ማስገቢያ፥ ባለ 24ና ባለ 8 የኃይል ገመዶች፤ ለመጀመሪያው ሙከራ ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም። በሁለተኛው ሶኬት ሥር የሚገኙት የራምና የካርድ ማስገቢያዎች ያለ ሁለተኛው ፕሮሰሰር ሥራ እንደማይሠሩ የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ራሴ አንድ የኔትወርክ ካርድ በዚህ ምክንያት ሞቷል ብዬ ፈርጄበት ነበር።

ከዚህ በኋላ ኃይሉን ሰክቶ መጠበቅ ነው፤ ማብሪያውን አለመንካት። ለዚህም ምክንያት አለ። በ1998 ኢንቴል፥ ኤች.ፒ.፥ ዴልና ኤን.ኢ.ሲ. ተባብረው አይፒኤምአይ የተባለውን ስምምነት አወጡ። ዓላማው መሐንዲሱ ከሩቅ ሆኖ የሰርቨሩን ሙቀት፥ ቮልትና የማራገቢያ ፍጥነት እንዲያይ፥ አስፈላጊም ሲሆን አጥፍቶ እንዲያስነሣው ነበር። ይህን የሚፈጽመው በቦርዱ ላይ የሚኖር ቢኤምሲ የተባለ ሌላ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው፤ ዋናው መሣሪያ ጠፍቶም እንኳ በተጠባባቂው ኃይል ይኖራል። ገመዱ በተሰካ ጊዜ መጀመሪያ የሚነሣው እርሱ ነው፤ ለዚህም አንድና ከዚያ በላይ ደቂቃ ይፈጅበታል። ዝግጁ ሲሆን አንዲት ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ከዚያ በፊት ማብሪያውን ቢጫኑት ብዙ ቦርድ አይመልስም፤ የቸኮለ ሰውም ቦርዱን በዚያው ይቀብረዋል። ማብሪያው ከተጫነ በኋላም ቢሆን የሰርቨሩ ራስን መመርመር ከቤት ኮምፒዩተር ይልቅ እጅግ ይረዝማል፤ ራሙ ብዙ ከሆነ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። በስክሪን በኩል ብዙዎቹ የሚያውቁት አሮጌውን ቪጂኤ ብቻ ስለ ሆነ ከዕቃ ቤት አንድ ያረጀ ስክሪን ማስቀረት ይጠቅማል።

ተጠብቆም ምንም ካልታየ፥ ቦርዱ ምን ላይ እንደ ቆመ የሚናገርበት ጥንታዊ ልማድ አለው። አይ.ቢ.ኤም. በ1984 ኤቲ የተባለውን ኮምፒዩተር ሲያወጣ፥ መሣሪያው ራሱን ሲመረምር የደረሰበትን ደረጃ በቁጥር ወደ አንድ በር እንዲልክ አደረገ፤ ያም በር 80 ተብሎ ይጠራል። ቁጥሩ ሲቆም ሥራው የቆመበትን ስፍራ ያመለክታል። ለዚህ የሚሆን ባለ ሁለት አኃዝ መመርመሪያ ካርድ በርካሽ ይገኛል፤ በአዳዲሶቹ ቦርዶች ላይ ቢኤምሲው ራሱ ቁጥሩን ያሳያል። ቅንብሮችን በባትሪ የመጠበቅ ልማድም የመጣው ከዚሁ ከኤቲ ነው። ያገለገለ ቦርድ የቀድሞ ጌታውን ቅንብር ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፥ ገመዱን ነቅሎ፥ ባለ 3 ቮልቷን ክብ ባትሪ አውጥቶ ቅንብሩን ማጥፋትና ባትሪዋን በአዲስ መተካት ይገባል። ሌላው ተደጋጋሚ ምክንያት የባዮሱ ማርጀት ነው። በሴፕቴምበር 2013 የወጣው የኢ5-2600 ሁለተኛ ትውልድ በዚያው ሶኬት ይገባል፤ ባዮሱ ከዚያ በፊት የተጻፈ ከሆነ ግን ቦርዱ ፕሮሰሰሩን ስለማያውቀው ጨልሞ ይቀራል። ከመጀመሪያው ትውልድ አንድ ርካሽ ፕሮሰሰር ተውሶ ባዮሱን ማደስ መፍትሔው ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህን እድሳት ያለ ዩፒኤስ የሚሞክር ሰው ድፍረቱ ከልክ ያለፈ ነው፤ በእድሳት መካከል ኃይል ከተቋረጠ ቦርዱ ላይነሣ ይችላል።

አሁን ወደ ራሙ እንመለስ፤ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነውና። በ1947 ሪቻርድ ሃሚንግ የተባለው የሒሳብ ሊቅ በቤል ላቦራቶሪ በሪሌ የሚሠራውን የስሌት መሣሪያ ቅዳሜና እሑድ ይጠቀምበት ነበር። መሣሪያው ስሕተት መኖሩን ያውቃል፤ ሰው በሌለበት ግን ሥራውን ትቶ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ሃሚንግ ሰኞ ሲመጣ ሥራው ሳይሠራ ያገኘዋል፤ ይህም ሁለት ሳምንት በተከታታይ ሆነበት። መሣሪያው ስሕተት መኖሩን ካወቀ፥ ቦታውን አውቆ ስለ ምን አያርመውም ሲል ጠየቀ፤ መልሱንም በ1950 አሳተመ። የኋለኛው የሰርቨር ራም መሠረት ይህ ነው። በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተር ለእያንዳንዱ ስምንት ቢት አንድ ዘጠነኛ ቢት ነበረው፤ ስሕተትን አይቶ ይቆማል እንጂ አያርምም። የሰርቨር ራም ለ64 ቢት 8 ተጨማሪ ቢት ይይዛል፤ አንዱን የተሳሳተ ቢት ያርማል፥ ሁለት ሲሆኑ ደግሞ ያስታውቃል። በራሙ ላይ በስምንት ፈንታ ዘጠኝ፥ ወይም በዐሥራ ስድስት ፈንታ ዐሥራ ስምንት ቺፕ መቆጠሩ ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክት ነው። በመካከል ሌላ ትንሽ ቺፕ ከታየ ሬጂስተርድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ይህ ከተራው ዓይነት ጋር ባንድነት አይሠራም፥ በዲዲአር3 ዘመን ሁለቱም 240 ፒን ስላላቸውና ማስገቢያው ስለሚቀበላቸው ብቻ አንድ ይመስላሉ።

ፈታሹን የሚያሳስተውም ይኸው በጎ ሥራ ነው። ክሪስ ብሬዲ በ1994 ያወጣው ሜምቴስት86 እስከ ዛሬ የምንመካበት መፈተሻ ነው። ነገር ግን ቦርዱ እያረመ ከሆነ መፈተሻው የሚያነበው የታረመውን ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሮጦ ጠዋት ስሕተት የለም ሊል ይችላል፥ በዚያው ሌሊት ቦርዱ አንድን ደካማ ቺፕ መቶ ጊዜ ደግፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈተናው ሲያልቅ የቢኤምሲውን የክስተት መዝገብ ከፍቶ ማንበብ ግዴታ ነው። በ2009 ጉግል ከራሱ ሰርቨሮች ሰብስቦ ያሳተመው ጥናት በዓመት ከ8 በመቶ የሚበልጡ ራሞች የሚታረም ስሕተት እንደሚያሳዩ አረጋግጧል። መዝገቡ ባዶ ሆኖ ከመጣም ቦርዱ ንጹሕ ስለ ሆነ ነው ወይስ ሻጩ ስለ ጠረገው ብሎ መጠየቅ ደግ ነው፤ ብዙዎቹ ቦርዶች የተጠረጉበትን ቀን ራሱን መዝግበው ያቆያሉ።

ቢኤምሲው ለቤት ሰው ሌላም ትዝብት አለው። የተሠራው በጣም ፈጣን ለሆኑ የሰርቨር ማራገቢያዎች ነው፤ ዝግ ብሎ የሚዞር ጸጥተኛ ማራገቢያ ሲገጠምለት ተበላሽቷል ብሎ ሁሉንም በሙሉ ኃይል ያስጮኻል፥ ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ ዳነ ብሎ ይለቀዋል፤ እንዲህ እያለ ሲያገሣና ሲተነፍስ ያድራል። መድኃኒቱ በአይፒኤምአይቱል ፕሮግራም ዝቅተኛውን የፍጥነት ገደብ ማውረድ ነው። የይለፍ ቃሉ ጉዳይ ግን ቀላል አይደለም። ሱፐርማይክሮ ለረጅም ዘመን ለቦርዶቹ ሁሉ አድሚን የሚል አንድ የይለፍ ቃል ይሰጥ ነበር። በ2013 ዳን ፋርመር የተባለው የደኅንነት ተመራማሪ የአይፒኤምአይን ድክመቶች ይፋ አደረገ፤ ሁለተኛው እትም ለማንም ጠያቂ የይለፍ ቃሉን የተመሰጠረ ምስል አሳልፎ ይሰጣል። የካሊፎርኒያ ሕግ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዕቃ ልዩ የይለፍ ቃል እንዲኖረው ባስገደደ ጊዜ ሱፐርማይክሮም ለየቦርዱ ልዩ ቃል አትሞ መለጠፍ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የተሠራ ቦርድ የሚገዛ ሰው ያቺ ትንሽ ወረቀት መኖሯን ይይ፤ ብትጠፋ ቦርዱ ላይ ሲስተም ጭኖ ከውስጥ በኩል ቃሉን መለወጥ ይቻላል። በማናቸውም ሁኔታ ግን ቢኤምሲውን ለውጭ ኢንተርኔት ክፍት መተው አይገባም።

ስለ ካፓሲተር ብዙ አልናገርም። ከ1999 እስከ 2007 ገደማ በተሠሩ ቦርዶች ላይ ጭንቅላቱ ያበጠ ወይም ያፈሰሰ ካፓሲተር የተለመደ ነበር፤ በዐይን ይታያል፥ ብየዳ የሚችልም ይለውጠዋል። በዐይን የማይታየው ይከፋል። በ2017 መጀመሪያ ላይ ኢንቴል አተም ሲ2000 በተባለው ፕሮሰሰር የመጀመሪያ እትም ላይ የሰዓት ምልክት የሚሰጠው ክፍል በአገልግሎት ብዛት እንደሚደክም ታወቀ። እንዲህ ያለ ቦርድ ዛሬ ፈተናውን ሁሉ አልፎ በሚቀጥለው ወር ላይነሣ ይችላል፤ ፕሮሰሰሩም በቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ማዳኛው የፕሮሰሰሩን እትም አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

እስካሁን የዘረዘርናቸው እንቅፋቶች ሁሉ በዕውቀት፥ በመርፌ ወይም በትዕግሥት የሚታለፉ ነበሩ። የመጨረሻው ከእነዚህ ወገን አይደለም። ኤ.ኤም.ዲ. ኤፒክ በተባሉት የሰርቨር ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፉ ጥቃቅን ፊውዞች አሉ። የሰርቨር አምራቹ ከፈለገ ፕሮሰሰሩ በመጀመሪያ ሲነሣ የራሱን የፊርማ ቁልፍ በእነዚህ ፊውዞች ላይ ያትማል፤ ከዚያ በኋላ ፕሮሰሰሩ በዚያ አምራች ፊርማ ያልታተመ ባዮስ አይቀበልም። ምክንያቱ ደኅንነት ነው፤ ማንም ባዮሱን በተንኮል እንዳይለውጥ ነው፤ ምክንያቱም ሐሰት አይደለም። በ2020 ጉዳዩ በሰፊው ሲታወቅ ግን ያገለገለ ዕቃ የሚገዙት ሰዎች የተረዱት ሌላ ነገር ነበር። ከአንድ አምራች ሰርቨር የወጣ ፕሮሰሰር በሌላ አምራች ቦርድ ላይ ሲገባ ኃይል ይቀበላል፥ ቢኤምሲው ይነሣል፥ ማራገቢያው ይዞራል፤ ቦርዱ ግን አይነሣም። ፒኖቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፥ ራሙ ጤነኛ ነው፥ ባትሪዋም አዲስ ናት። ፈታሹ ቦርዱን ይጠረጥራል፤ ቦርዱ ግን ምንም አልሆነም። ፊውዙን የሚመልስ ጃምፐር የለም። ዛሬ ያገለገሉ የኤፒክ ፕሮሰሰሮች ሲሸጡ፥ ጠንቃቃ ሻጮች ከኮሩ ቁጥርና ከዋጋው ጎን ያልተቆለፈ የሚል አንድ ቃል ይጨምራሉ።